የኩላሊት ሕመምተኛ እያስታመማችሁ የራሳችሁን ኑሮ እንዳታጡ፦ ዝርዝር መመሪያ

አባዬ የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰሞን ዘመዱም ጎረቤቱም ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «እንዴት ሆነ?» መልሴ ሁሌም ዝግጁ ነው። «ዛሬ ሁለት ኪሎ ወረደለት፣ ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፣ አሁን ተኝቷል።» «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንዲት የእጥበት ክፍል ነርስ ናት። ያኔ ሰባት ወር አልፎናል። ልመልስላት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

አባዬን አራት ዓመት አስታምሜያለሁ። ታማሚው ምን መብላት፣ ምን መዋጥ እንዳለበት የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ይህን የምጽፈው ግን ከአልጋው አጠገብ ላለው ሰው ነው። ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጅ፣ ለእህት። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የኩላሊት ቀን መሪ ሐሳብ «ከኩላሊት በሽታ ጋር በጥሩ ሁኔታ መኖር» ነበር። ያን ዓመት ትኩረቱ ታማሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚንከባከበውም ሰው ነበር። ደስ አለኝ። በየቤቱ ግን ነገሩ ገና ነው።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። የታማሚው እጥበት የተቆረጠ ቀንና ሰዓት አለው። ሠርግም ይሁን ለቅሶ ያን ሰዓት አይነካውም። የአስታማሚው እረፍት ግን «ጊዜ ሲገኝ» ይባላል። ጊዜ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ለእናንተም እንደ እጥበቱ የተቆረጠ ቀንና ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ሰዓት እንዴት እንደምታገኙትና እንዴት እንደምታስከብሩት ነው።

ደረጃ 1፦ ሸክማችሁን ለኩት

አስታማሚ ድካሙን አያውቀውም። ቀስ እያለ ስለሚጨምር ይለምደዋል። እኔ የወገብ ሕመሜን «ብርድ መታኝ» እያልኩ ነው ዓመት ያሳለፍኩት።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ዛሪት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 የአስታማሚን ጫና የሚለካ መጠይቅ አውጥቷል። መጀመሪያ የታሰበው የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ለሚጦሩ ሰዎች ነበር። በኋላ የኩላሊት ታማሚ ለሚያስታምሙም ዋለ። አሁን በብዛት የሚሠራበት 22 ጥያቄ አለው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ትሰጣላችሁ። 0 «በጭራሽ» ነው፤ 4 «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ነው። ድምሩ ከ88 ይያዛል። በተለመደው አተረጓጎም እስከ 20 ድረስ ጫናው ትንሽ ነው። ከ21 እስከ 40 ከቀላል እስከ መካከለኛ፣ ከ41 እስከ 60 ከመካከለኛ እስከ ከባድ፣ ከ61 ጀምሮ ከሆነ ከባድ ነው። የምትሄዱበት ሆስፒታል የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለው እንዲሠራላችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው ደብተር ግዙና እነዚህን በራሳችሁ ቃል መልሱ። ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ? ከቤቱ ሰው ውጭ ከማን ጋር ቁጭ ብዬ ተጫወትኩ? የት ያመኛል? ስንት ብር ተበደርኩ? በታማሚው ላይ ስንቴ ጮህኩበት? የመጨረሻው ጥያቄ ይከብዳል። ግን ጻፉት። ቀን አድርጉበትና በየሁለት ወሩ ተመለሱበት። እኔ መጀመሪያ ስጽፍ ለሁለተኛው ጥያቄ «ከፋርማሲው ልጅ ጋር» የሚል ነበር መልሴ።

ደረጃ 2፦ የማታውቁትን ጠይቃችሁ ጨርሱ

የመጀመሪያው ዓመት ድካም ግማሹ ፍርሃት ነው። አባዬ ሌሊት ባሳለ ቁጥር ብድግ ብዬ እቀመጥ ነበር። የትኛው ነገር እንደሚያስፈራና የትኛው እንደማያስፈራ ሳውቅ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ለመጠየቅ ጥሩው ሰዓት ታማሚው ማሽን ላይ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ነርሶቹ ትንሽ ፋታ ያገኛሉ። እነዚህን ጠይቁና ጻፉ።

ደረቅ ክብደቱ ስንት ነው? ይህ ትርፍ ፈሳሹ ወጥቶለት የሚደርስበት ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በሁለት እጥበት መካከል ሦስት ኪሎ ከጨመረ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሥጋ አይደለም። ስንት ኪሎ ድረስ ቢጨምር ችግር እንደሌለው ቁጥሩን ይንገሯችሁ። ቤት ሚዛን ካላችሁ ጠዋት ጠዋት መለካት ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ክንዱ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበቱ ተብሎ በቀዶ ጥገና የተገናኘ የደም ሥር) ካለው በየቀኑ እጃችሁን አስቀምጣችሁ ንዝረቱን አዳምጡ። ንዝረቱ ከጠፋ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ደውሉ። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይያዝም፣ ተጭነውትም አይተኙም። መርፌው የወጣበት ቦታ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ክንዱን ከፍ አድርጉ። በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩ። ካልቆመ ወደ ሐኪም ቤት። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) ከሆነ ያለው ደግሞ ውሃ እንዳይነካው። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ «ወባ ይሆናል» ብላችሁ አትቆዩ። ካቴተር ያለው ሰው ላይ የደም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱትን በትልቅ ጽሑፍ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ። ተጋድሞ መተንፈስ ሲያቅተው። ደረቱን ሲያመው። የልቡ ምት ሲዘባረቅ። እግሩ ድንገት አልታዘዝ ሲለው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲጨምር ሊመጡ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ልብ ሊያቆም ይችላል። ወረቀቱ በር ላይ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። እናንተ በሌላችሁበት ማንም ሰው አይቶ ማድረግ ያለበትን ያውቃል። ያ ወረቀት ከሌለ ከቤት መውጣት አትችሉም።

ደረጃ 3፦ የማሽኑን ሰዓት የራሳችሁ አድርጉት

እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፣ በየዙሩ አራት ሰዓት ያህል። እኛ ሀገር ከወጪው የተነሳ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠቡ ብዙ ናቸው። አስቡት። ሁለቴ ከሆነ ስምንት ሰዓት፣ ሦስቴ ከሆነ 12 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ታማሚው በባለሙያ እጅ ነው። ግፊቱን ይለኩለታል፣ ይጠብቁታል። በሳምንት ውስጥ ከእናንተ የተሻለ ጠባቂ የሚኖረው በእነዚህ ሰዓታት ብቻ ነው።

እኔ ያን ሰዓት አንድ ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ አሳለፍኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው የመጣሁት። ከእጥበት ሲወርድ ደግሞ ዝሎ ስለሚመጣ ደግፌ ታክሲ ውስጥ ማስገባት፣ ቤት ወስዶ ማስተኛት፣ ሾርባ መሥራት አለ። ቀኑ እንዲህ ያልቃል።

የቀየረኝ ነገር ቀላል ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏን ነው የምታስታምመው። አንድ ማክሰኞ «አንቺ ቁርስሽን ብዪ፣ እኔ ለሁለቱም እጠብቃለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ አንቺ ትጠብቂልኛለሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባን።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ሁኑ፣ ሁሉ ሰላም መሆኑን እዩ። ስልክ ቁጥራችሁን ለነርሷ በወረቀት ስጧት። አግዳሚው ላይ የምታምኑትን አንድ ሰው ፈልጉና ተራ ግቡ። ማለቂያው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት በፊት ተመለሱ።

አንድ ሕግ ብቻ አስቀምጡ። በሳምንት ከእነዚህ ሰዓታት ቢያንስ አንዱ ለጉዳይ አይውልም። መድኃኒት መግዣ፣ ቀበሌ መሄጃ፣ ገበያ መውጫ አይሆንም። በእግር ሂዱ። ፀሐይ ላይ ቁጭ በሉ። ጸጉራችሁን ተሠሩ። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ ግቡ። መኪና ያለው ዘመድ ካላችሁ መኪናው ውስጥ ተኙ። መጀመሪያ የጥፋተኝነት ስሜት ይይዛችኋል። እኔን ሦስት ሳምንት ያህል ይዞኝ ነበር። አባዬ ግን ከማሽን ሲወርድ ፊቴ በርቶ ሲያየኝ እሱም ቀለል ይለው ነበር።

ደረጃ 4፦ ቤተሰቡን ሰብስቡና ሥራውን በስሙ ጥሩት

«ሁላችሁም አግዙኝ» ማለት ማንም አያግዝም ማለት ነው። የአንድ ሳምንት ሥራችሁን በሙሉ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። መቀስቀስ፣ ማጓጓዝ፣ መድኃኒት ማስዋጥ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ገላ ማጠብ፣ ሌሊት መነሳት፣ ጠያቂ ማስተናገድ፣ ሂሳብ መያዝ። ዝርዝሩ ራሱ ይናገርላችኋል። የእኔን ሲያነቡ ታላቅ እህቴ ዝም ብላ ቆየችና «ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ?» አለች። አጠገቤ እየኖረች አታውቅም ነበር።

ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡ። ሰውና ቀን ይኑረው። «ቅዳሜ ገላውን የሚያጥበው እገሌ ነው።» ይህን ምሳሌ ያነሳሁት በምክንያት ነው። አባዬ ሴት ልጁ ገላውን ስታጥበው ይሸማቀቅ ነበር። እኔም እንደዚያው። ሁለታችንም ሳንናገረው ወራት ተሠቃየንበት። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ሲጀምር የሁለታችንም ክብር ተመለሰ።

ውጭ ሀገር ያለ ወንድም ወይም እህት ብር ልኮ ድርሻውን የጨረሰ ይመስለዋል። ብሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለሱ እጥበቱም አይኖርም። ግን ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሌላም ሥራ አለ። የእኔ ወንድም ዱባይ ነው። ሁለት ነገር ሰጠሁት። አንደኛ፣ አባዬ ማሽን ላይ እያለ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ይደውልለታል፤ ያ ሰዓት ለታማሚው አልሄድ የሚል ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ወጪውን ሁሉ በፎቶ እልክለታለሁ፣ ሂሳቡን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ቀረ።

ጠያቂም ሥራ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና የሚያፈላ ማነው? እናንተ ናችሁ። ከእጥበት በመጣበት ቀን ጠያቂ እንደማትቀበሉ በጨዋ ደንብ ንገሩ። «ምን ላምጣ?» ለሚላችሁ ደግሞ ብርቱካንና ሙዝ እንዳያመጣ ንገሩት፤ ሁለቱም ፖታሲየም የሚበዛባቸው ናቸው። «ረቡዕ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ በልልኝ» በሉት። ሰው የሚያደርገው ነገር ሲነገረው ደስ ይለዋል።

ደረጃ 5፦ ሁለት ድስት አትጣዱ

ለእሱ አንድ፣ ለቤቱ ሰው ሌላ ወጥ መሥራት ወጥ ቤት ውስጥ ያስቀራችኋል። ጨው መቀነስ ለሁሉም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳን የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ስለዚህ ወጡ ለሁሉም ያለ ጨው ይሠራ፤ የፈለገ ገበታ ላይ ይጨምር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወጥ ስትሠሩ ጨው ባትጨምሩም በርበሬው ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። ሽሮውም፣ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ጨው የሌለው በርበሬና ሽሮ አስፈጩና ለብቻው አስቀምጡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ ጣዕሙን ይሞሉታል። በጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ። ብዙው የሚሠራው ከፖታሲየም ነው፤ ለኩላሊት ታማሚ አደገኛ ነው።

ድንች ከተበላ ልጣችሁ፣ በስሱ ቆርጣችሁ፣ በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት። ፖታሲየሙ በከፊል ከውሃው ጋር ይወጣል። አቮካዶና የቲማቲም ድልህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኮካ ፎስፈረስ አለበት። ከምግብ የሚገባውን ፎስፈረስ ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት ከታዘዘለት የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው፤ ከምግብ ርቆ ከተዋጠ ሥራውን አይሠራም።

ሌላው ስህተት ፕሮቲን ነው። እጥበት ከመጀመሩ በፊት «ሥጋ ቀንስ» የተባለ ሰው እጥበት ከጀመረ በኋላም እንደቀነሰ ይቀራል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን ፕሮቲን ስለሚወጣበት ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልገዋል። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ። መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ጾም ላይ ከሆነ ለነፍስ አባቱ ሁኔታውን አስረዱ። ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። የእኛ ቄስ ራሳቸው ቤት መጥተው አባዬን «እንቁላሉን ብላ» ብለውታል። እኔ ሦስት ወር ለምኜው ያልሆነልኝን።

ደረጃ 6፦ የውሃ ዘበኛ አትሁኑ

ቤታችን ውስጥ ከሁሉ በላይ ያጣላን ውሃ ነው። አባዬ ማታ ተደብቆ ይጠጣል፤ እኔ እይዘዋለሁ፤ እጮሃለሁ፤ እሱ ያኮርፋል። ለሰባ ዓመት ሰው ልጁ ብርጭቆ ስትነጥቀው ምን እንደሚሰማው አሁን ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ።

መፍትሔው ቆጠራውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ሐኪሙ የቀኑን ልክ ይንገረው፣ ለእሱ በቀጥታ፣ እናንተ ባላችሁበት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መነሻ በቀን ከሚወጣው ሽንት ላይ ግማሽ ሊትር ያህል መጨመር ነው። ያን ያህል ውሃ ጠዋት በላስቲክ ጠርሙስ ይሞላ። ሻይ ሲጠጣ ያን ያህሉን ከጠርሙሱ ይደፋል፤ ሾርባም፣ ቡናም፣ ጭማቂም እንደዚያው። ጠርሙሱ ሲያልቅ አለቀ። የሚቆጥረው እሱ ነው። በሲኒ መጠጣት፣ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ትንሽ በረዶ መምጠጥ ይረዳል። ጥሙን የሚያመጣው ግን በዋናነት ጨው ስለሆነ ደረጃ 5 ካልተሠራ ይህ አይሠራም።

አንዳንድ ቀን ልኩን ያልፋል። ይለፍ። በሚቀጥለው እጥበት ሚዛኑ ይነግረዋል፤ ነርሷ ትነግረዋለች። እናንተ ልጁ ወይም ሚስቱ ሁኑ።

እዚህ ላይ ስለ ጸበል ላንሳ። እኔ አማኝ ነኝ፤ አባዬንም ይዤ ሄጃለሁ። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ጸበልም ለሰውነቱ ውሃ ነው፤ በሊትር ከተጠጣ ሳንባው ውስጥ ይሞላል። በሲኒ ይጠጣ፣ ከጠርሙሱ ይቀነስ፤ ካቴተር ካለው ደግሞ አይጠመቅበት። ሁለተኛ፣ ለጸበል ተብሎ እጥበት አይቋረጥም። ከእጥበት ቀን ውጭ ያሉ ቀናት አሉ። ሥራሥርና የአበሻ መድኃኒትም ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥ፤ ኩላሊት የሚጎዱ አሉባቸው።

ደረጃ 7፦ ሰውነታችሁን አሳዩት

ስታነሱት ወገባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን አጥፉ። ብብቱ ሥር ገብታችሁ አትሳቡት፤ የፊስቱላውንም ክንድ አትጎትቱ። ወገቡ ላይ መቀነት አስሩለትና እሱን ይዛችሁ አስነሱት። ይህን ያሳየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ በደቂቃ ነው የተማርኩት፤ ወገቤን ያዳነኝም እሱ ነው።

ሌሊት ተረኛ ይኑር። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት በሌላ ክፍል፣ በር ዘግታችሁ ተኙ።

የሥጋ ዘመድ ከሆናችሁ ደግሞ ራሳችሁን ተመርመሩ። ደም ግፊትና ስኳር፣ ዋናዎቹ የኩላሊት ጠላቶች፣ በቤተሰብ ይሄዳሉ። ግፊት፣ ስኳር፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ምርመራ በዓመት አንዴ። በዘር የሚመጣውና ኩላሊትን በውሃ ከረጢቶች የሚሞላው በሽታ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እኔ ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት አባዬ ማሽን ላይ እያለ ነርሷ «ነይ ልለካሽ» ብላኝ ነው።

ደረጃ 8፦ ሥራችሁን ቶሎ አትልቀቁ

ብዙ አስታማሚ በመጀመሪያው ድንጋጤ ሥራ ይለቃል። እኔ እንዲህ አላደርግም ነበር ዛሬ ቢሆን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ከዚያ መልክ ይይዛል። ሥራ ደሞዝ ብቻ አይደለም። ስለ ክሪያቲኒን የማይወራበት ቦታ ነው።

በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ደሞዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መውሰድ ይቻላል፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። ይህ ለዓመታት ማስታመም አይበቃም። ስለዚህ የእጥበቱን ፕሮግራም የሚያሳይ ደብዳቤ ከሐኪም ቤቱ አጽፋችሁ ለአለቃችሁ አሳዩ፣ የፈረቃ ለውጥ ጠይቁ። የእጥበት ክፍሉንም የማታ ዙር ካለው ጠይቁት።

አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ መሥፈርቱን ለሚያሟላ ሠራተኛ በዓመት 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሥራውም ይጠበቅለታል። ብዙዎች የማያውቁት በአንድ ጊዜ መውሰድ ግዴታ አለመሆኑን ነው። ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ ሕክምና ሲሆን በእያንዳንዱ የእጥበት ቀን ጥቂት ሰዓት እያላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ለአያቱ ሐኪም ሲያስተረጉም ማየት ያማል። ያ የልጅ ሥራ አይደለም።

ገንዘብን በተመለከተ ለብቻው ደብተር ይኑረው። የእጥበት፣ የመድኃኒት፣ የትራንስፖርት ብላችሁ ለዩት። ትራንስፖርቱ ከምታስቡት በላይ ይወጣል። ዕድርና ዕቁባችሁን በችግሩ መጀመሪያ ላይ አናግሩ። ሁሉ ነገር ከተሸጠ በኋላ አይሆንም። ቤት ከመሸጥ በፊት ደግሞ ሐኪሙን «ይህ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ ይቀጥላል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እጥበት እንደ ቀዶ ጥገና አንዴ ተከፍሎ አያልቅም።

ደረጃ 9፦ ንዴቱንና ጸጸቱን ለሰው ንገሩ

አንድ ሌሊት «ምነው ቢያርፍ» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። እኔ ላይ መጥቷል። ከዚያ ለሳምንታት ራሴን ጠልቼ ነበር። ለዚያች የአግዳሚ ጓደኛዬ ስነግራት «እኔም ትናንት አስቤዋለሁ» አለችኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን። ይህ ሐሳብ የክፉ ሰው አይደለም። በጣም የደከመ ሰው ሐሳብ ነው።

ግን ልዩነቱን እወቁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛችሁ፣ ምግብና እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሁሉ ነገር ትርጉም ካጣ፣ ይህ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የአማኑኤል ስም አያስደንግጣችሁ። ራሳችሁን ለመጉዳት ካሰባችሁ ደግሞ ያንኑ ቀን ለአንድ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ።

ደረጃ 10፦ «ኩላሊት ስጪው» ሲባል

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ገብቷል። ለጋሹ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ዓይን ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው አስታማሚው ላይ ነው። መስጠት ትልቅ ነገር ነው። አለመስጠትም መብታችሁ ነው። ሐኪሙን ለብቻችሁ አነጋግሩት፤ የምትነግሩት ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ለመስጠት ከወሰናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ያን ቀን ቤቱ ሁለት ታማሚ ይኖረዋል። ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት አትችሉም። ሁለታችሁንም የሚያስታምመው ሰው ስሙ ይታወቅ።

እኛ ወደዚያ አልደረስንም። የአባዬ የልቡ ጤንነት አልፈቀደለትም።

ካረፈ በኋላ ሦስት ወር ያህል ማክሰኞ ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነቃ ነበር። ልብሴን ለብሼ የጨረስኩበት ቀንም አለ። የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። በእነዚያ ወራት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፤ ለዓመታት ያስተላለፋችሁትን የራሳችሁን ምርመራ ግን አድርጉ። ያልተከፈተ መድኃኒት ካለ ለእጥበት ክፍሉ ነርሶች አሳዩአቸው።

እኔ ከአርባው በኋላ ማመስገኛ ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ አግዳሚው ላይ ነበረች። ባሏ ገና ይታጠባል። ተነስታ ልትስመኝ ስትል «ቁርስሽን በልተሻል?» አልኳት። አልበላችም። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። እሷ ትወጣለች። እኔ እጠብቅላታለሁ።